ቢጫ በሽታ ያልኩ ዕለት

ኅዳር 10 ቀን 79፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አሥራ አራት ክንድ በአንድ ሰዓት ወጋሁ። ጨረስኩ። ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ነው፣ ደብተሬ። ቁጭ ብዬ መጻፌ ራሱ ጉድ ነው።

ለአንድ ዓመት የእርሻ ትምህርት ወደ ቡልጋሪያ የሚሄዱት ናቸው። ከሲሬ፣ ከሮቤ፣ ከዴራ ተለቅመው ዛሬ እኛ አሰላ ጤና ጣቢያ ግቢ ተሰበሰቡ። ወንድሜም አለበት። ጌታቸው፣ ያው ጌ. የምልሽ፣ እናታችን ስትሞት በዘጠኝ ዓመቱ እጄ ላይ የቀረው። አሁን ሃያ ስድስት ሞልቶት የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆኗል።

ክትባቱንና ማኅተሙን ባንድ ሳጥን ይዞ ከአ.አ. የመጣው ሰውዬ ገና ከመኪና ሳይወርድ ሰዓቱን ያያል። ብልቃጡ አንዴ ከተበጠበጠ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ነው ይላል። እሺ። እኔ ጋ ግን ደህና የሆኑት የመስታወት ሲሪንጆች ሁለት ብቻ ናቸው። ሌላው ተሰብሮ አልቋል። የመብራቱ መቀቀያ ከተቃጠለ ወር አልፎታል። ላምባ የለም። ጠዋት በከሰል ሁለቱን ሲሪንጅና አሥራ አራት መርፌ ቀቀልኩ። ለየሰዉ መርፌ እየቀየርኩ በአንዱ ሲሪንጅ አሥር ሰው፣ በሁለተኛው አራት። ሁሌም እንደዚሁ ነው የምንሠራው።

ሰዎቹ ደግሞ አስቸገሩ። የምን ክትባት ነው ይላሉ። የቢጫ ወባ ስል ሳቁብኝ። ወባ? አሰላ ላይ? በዚህ የጭላሎ ብርድ? አበራ የሚባል የሲሬ የኅብረት ሥራ ሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ተጫዋች ነው፣ ወባ የቆላ ነው፣ የምንሄድበትም አገር በረዶ ነው፣ ትንኟ ካፖርት ለብሳ ትመጣለች ወይ ብሎ ሁሉን አሳቀ። ሰዓቱ እየሮጠ እኔ ስለ ትንኝ ላስተምር? የቢጫ በሽታ ክትባት ነው አልኳቸውና አረፍኩ። የሚታተምላቸው የጉዞ ካርድም ቢጫ፣ በሽታውም ቢጫ። ወዲያው ገባቸው። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

አንደኛ አቶ ደቻሳ፣ ከዴራ፣ ጠና ያሉ ሰው። አምና ሲምቢራው ይዞኝ ነበር፣ ድኛለሁ፣ እኔም ልወጋ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የወፍ በሽታ ማለታቸው ነው። በኦሮምኛም ወፍ፣ በአማርኛም ወፍ። ይወጉ፣ አይጎዳዎትም አልኳቸው። ሁለተኛ አበራ። ሦስተኛ ዘይቱና ነበረች፣ ከሮቤ የመጣች፣ ገበሬ ሴቶችን የምታስተምር ልጅ። ጌ. ዘግይቶ ደርሶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደጅ ላይ እየጠበቀው ነው። ጠቀስኩት። ዘይቱና ቦታዋን ለቀቀችለት። ሦስተኛ ወጋሁት። እህት መሆኔ ለዚች ካልጠቀመ ለምን ይጠቅማል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ጌ. ትኩሳት ቢጤ ነክቶት ሁለት ቀን ተኛ። ደህና ነው። ክትባቱ ሲይዝ እንዲህ ያደርጋል። ካርዱን ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ቤት ለመጣ ሁሉ ያሳያል፣ ማኅተሙን በጣቱ እየነካ። አፈርኩለትም ደስም አለኝ።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ጉዞው ዘገየ። ወረቀቱ አ.አ. ነው ይላሉ። የት ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የቀበሌው ሊ/መንበር ዛሬ መንገድ ላይ አቆመኝ። ወንድምሽ እስካሁን አልሄደም እንዴ አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። ለብሔራዊ ውትድርና ስም እየተለቀመ ነው። ጌ. ዕድሜው ውስጥ ነው። ውጭ አገር ከሄደ ይሰረዛል፣ ካልሄደ ግን እኔ ምን አደርጋለሁ ሲስተር አለ። ምንም አታድርግ አልኩት በሆዴ። ጎረቤቴ እማማ ብርቄ ልጃቸውን አምና ወደ ሰሜን ጦርነት ከሸኙ ወዲህ ደብዳቤ የለም። ማስቲካ የሚያክል ወረቀት እንኳ የለም።

ስሙ ሁለት ዝርዝር ላይ ነው ያለው። አንዱ ወደ ሶፊያ፣ አንዱ ወደ ሰሜን። የቀደመው ይወስደዋል። እግዜር ሆይ፣ የሶፊያውን አስቀድምልኝ። ሌላ ነገር አልለምንህም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ጥምቀት አለፈ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ላምባ መጣ፣ ግማሽ በርሜል። ዘንድሮ መቀቀል ልንጀምር ነው ብዬ ብቀልድ ኃላፊያችን አልሳቀም።

ጌ. ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ የቡልጋሪያ ቃል መማሪያ ይዞ ያነበንባል። እዚያ አገር እሺ ሲሉ ራሳቸውን ግራ ቀኝ ይወዘውዛሉ፣ እምቢ ሲሉ ላይ ታች ይነቀንቃሉ አሉ። ራት አቅርቤ ትጨምራለህ ስለው ራሱን ወዘወዘ። ሳህኑን አነሳሁበት። ከዚያ ነው ሳቅ! እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን።

የካቲት 9፣ ሰኞ

አበራ ሞተ። የሲሬው ተጫዋች። ዛሬ ከሲሬ የመጣች ታካሚ ነገረችኝ፣ መርፌ እየወጋኋት። ቢጫ ሆኖ ነው የሞተው አለች። እጄ ላይ ያለው ጥጥ ወደቀ።

ነገ አልችልም፣ ተረኛ ነኝ። ከነገ ወዲያ ለቅሶ እሄዳለሁ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ፣ አመሻሽ

ሲሬ ደርሼ መጣሁ። በመኪናም በጋሪም በእግርም። እግሬ አብጧል።

ሚስቱ ፅጌ ሁለት ትንንሽ ልጆች አቅፋ ተቀምጣለች። ሁሉን ነገረችኝ፣ እኔ ሳልጠይቅ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። አሰላ ሂድና ሲስተርን አሳያት ብትለው አሻፈረኝ አለ። የቢጫውን ተወግቻለሁ እኮ፣ ይሄ የፀሐይ ምች ነው አለ። ሲብስበት በዴራ መንገድ ያሉ አንድ ሰው ቅጠል ጨምቀው አጠጡት። በሦስተኛው ቀን ልጆቹን በስም ማወቅ ተወ። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ከዚያ ካርዱን አመጣችልኝ። በፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ተወግቶ ነበር እኮ፣ ይኸው ማኅተሙ፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው አለችኝ። ምን ልበላት? ለለቀስተኛው ደግሞ የወጋችው እሷ ናት፣ እንደ እህት ሆና ነው የተንከባከበችው ብላ ከዘመዶቹ መሐል ቦታ አስለቀቀችልኝ። ደብተሬ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ። በላሁ።

የወጋሁት የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ትንኝ ለምታመጣው። የወፍ በሽታ ሌላ፣ የጉበት ነው፣ ከዚያ ክትባት ጋር ምንም አያገናኘው። ይህን አበራ ከየት ያውቃል? ቢጫ በሽታ ያልኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ለማሳጠር ብዬ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ዘይቱና መጣች። ከሮቤ በአውቶቡስ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ተከናንባ። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ገለጠችው። የዓይኗ ነጭ እርድ የተነከረ ነው የሚመስለው። ሽንቷ የጠቆረ ሻይ ሆኗል፣ ምግብ ሲሸታት ያስመልሳታል፣ ጉልበቷ ከድቷታል።

ተኮሳትሬ ጀመርኩ፣ እንደ ሥራዬ። መቼ ጀመረሽ፣ ምን በላሽ።  በመጨረሻ «ሲስተር፣ የቢጫውን ወግተውኝ የለ እንዴ? ታዲያ ይሄኛው ቢጫ የምንድን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። በሩን ዘግቼ ሁሉን ነገርኳት። የወጋሁሽ የዚህ አይደለም፣ ስሙን አሳስቼ ነው የነገርኩሽ አልኳት። አላለቀሰችም። ለመምህር ከበደም የመጣው ይሄ እንዳይሆን አለች። አብሯቸው የተወጋ የሮቤ ሰው ነው። እሱም የተወጋሁ ነኝ እያለ ቤቱ ተኝቷል አለች። 

ሆስፒታል አስተኛኋት።

የካቲት 20፣ ዓርብ

መዝገቡን አወጣሁ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ተራ፦ 1 ደቻሳ። 2 አበራ። 3 ጌታቸው። 4 ዘይቱና። 7 መ/ር ከበደ። ሁሉም ከመጀመሪያው ሲሪንጅ። ከሁለተኛው ሲሪንጅ የተወጉት አራቱ ደህና ናቸው፣ ዛሬ በየመሥሪያ ቤታቸው አስጠየቅኳቸው።

 መዝገቡን ይዤ ከባሕር ማዶ የመጣው ዶ/ር ጋ ሆስፒታል ሄድኩ። በእንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ አወራን። አልጮኸብኝም። ወረቀት ላይ ሣለልኝ። መርፌ መቀየር አይበቃም አለ፣ ሲወጋ ዓይን የማያየው ደም ወደ ኋላ ወደ ሲሪንጁ ይመለሳል። መጀመሪያ የተወጋው ሰው በሽታው ካለበት ከኋላው ላሉት ሁሉ ይደርሳቸዋል። እሳቸው ድነዋል እኮ አልኩት። ድነዋል ማለት ከደማቸው ወጥቷል ማለት አይደለም አለኝ። አንዳንዱ ሳያመው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል፣ አብራው ለምታድር ሴትም ያስተላልፋል። የሚያመው ደግሞ ከሁለት ወር እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው።

ይህም በሽታ አሁን ክትባት አለው አለ። ገና አዲስ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይወጋል። አገሩ ወደ ውጭ ለሚልካቸው ሐኪሞች ይሰጣል። እሱም ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሦስቱንም ተወግቷል። እኛ አገር የለም። የተያዘውንም አይፈውስም።

አየሽ፣ እሱ ወደ እኛ ሲመጣ ተከትቦ። የእኛዎቹ ወደ እነሱ ሲሄዱ ከእኔ እጅ በሽታውን ተቀብለው።

ጌ. ሦስተኛ ነው። በተራው ቢቆም አሥራ አራተኛ ነበር። እኔ ነኝ የጠቀስኩት።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ለኃላፊያችን ነገርኩት። መዝገቡን ፊቱ ዘረጋሁ። ሁለት ጊዜ ተነስቶ በሩን አየ።

ክፉ ሰው አይደለም። አራት ልጅ አለው፣ ፈሪ ነው። ይህ በጽሑፍ ከወጣ አሻጥር ነው የሚባለው አለ። ለትምህርት የተመረጡ ጓዶችን በመርፌ መመረዝ! ማን የላምባ ጉዳይ ነው ብሎ ይሰማናል? አንቺም እኔም ወህኒ እንገባለን። ደግሞ የሞተው አንድ ነው፣ የቀሩት እስኪበሩ ጠብቂ፣ እዚያ ጥሩ ሐኪም አለ፣ ሆድ ይፍጀው አለኝ።

የሚወጡት እስኪያልቁ ስንቱ ቅጠል ይጠጣል አልኩት። ሚስቶቻቸውስ?  መዝገቡን አጥፎ መለሰልኝ፣ እንዳላየሁት ቁጠሪው አለ።  ግን ልንገርሽ፣ ለአንቺ ካልዋሸሁ፣ ከቢሮው ስወጣ ትንሽ ቅልል ብሎኝ ነበር። አዞኛላ! ጌ. ይሄዳል ማለት ነው።

ጠላሁት ራሴን።

የካቲት 29፣ እሑድ፣ ከሰዓት

በግሌ ልንገራቸው ብዬ ተነሳሁ። ወረቀት ሳይወጣ፣ ስም ሳይጠራ። መጀመሪያ ዴራ፣ አቶ ደቻሳ ጋ።

ሰውዬው ደህና ናቸው፣ እንደ ብረት። በሬዎቻቸውን ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ከኔ መርፌ በፊት በሽታው ደማቸው ውስጥ እንደነበረ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሳቁ። «ሲምቢራው ከያዘኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ አንቺ ደግሞ አተምሽልኝ» አሉኝ። ካርዱን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ማኅተም ያለበት ይሄ ነው፣ አንቺ የምትዪው ማኅተም አለው ወይ አሉ። የለውም። እንግዲያው ተይው፣ ጾም ነው ያደከመሽ ብለው ሽሮ አስቀረቡልኝ። እኔን አዘኑልኝ!

የሮቤው መ/ር ከበደም ያው ነው። ዘይቱና ከአልጋዋ ሆና ደብዳቤ ጽፋለት ነበር። መልሱ ዛሬ ደረሳት። ቅጠሉን ጀምሬያለሁ፣ ቢጫው አይደለም፣ እሱንማ ተወግቻለሁ ይላል።

በማኅተም የገባ ቃል ያለ ማኅተም አይወጣም። አሁን ገባኝ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ወረቀቱ መጣ። ሰኞ መጋቢት 21 አ.አ. ይሰበሰባሉ፣ ሐሙስ ይበራሉ። ጌ. ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ ገባ። እማማ ብርቄ እልል አሉ፣ ልጃቸው ያለበትን ሳያውቁ ለሰው ልጅ እልል አሉ። የቀበሌው ሊ/መንበር ራሱ መጥቶ እጁን ጨበጠው።

እኔ ዓይኑን ነው የማየው። በየጠዋቱ በር ላይ በብርሃን አቆመውና ቀና በል እለዋለሁ። ነጭ ነው። ዛሬም ነጭ ነው። ምን ታያለሽ እትዬ ይለኛል። ጉድፍ ያለበት መስሎኝ እለዋለሁ። አራት ወር አልፎታል። ዶ/ሩ እስከ ስድስት ብሏል።

መ/ር ከበደ ትናንት ተቀበረ። ዘይቱና ናት የነገረችኝ። ሁለት ሆኑ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ዶ/ሩ አስጠራኝ። ከበደ እንደሞተ ሰምቷል። አንቺ በእጅሽ ጽፈሽ ፈርሚ፣ እኔ ማኅተሜን እመታበታለሁ፣ በሆስፒታሉ ስልክም አ.አ. ለሚመለከተው እነግራለሁ አለ። የቀሩት ደማቸው ይታያል፣ የተያዙት ይቀራሉ፣ ቤተሰባቸውም ይነገረዋል። ግን በመጀመሪያው ሲሪንጅ የተወጉትን አሥሩንም ሙሉ ስም ይፈልጋል። አንድ ከጎደለ ያ ሰው አውሮፕላን ላይ ወጣ ማለት ነው አለ። እስከ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ።

ያልተያዘውስ አልኩት። ያልተያዘውም ቢሆን ምርመራው እስኪያልቅ አይበርም አለ። ውጤቱ ወር ይፈጃል። የትምህርቱ ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

ለጌ. በምሳ ሰዓት ነገርኩት። ከአበራ ጀምሬ። መጀመሪያ የምቀልድ መሰለው። ከዚያ እንጀራውን ተወው። ዓይኔን ለምን እንደምታዪ አሁን ገባኝ አለ። ደህና ነኝ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ታዲያ ለምን እኔን አለ። ቀበሌ ወር አይጠብቀኝም፣ ታውቂያለሽ አለ። አውቃለሁ አልኩት።

«መርፌሽን ልታጥቢ እኔን ልትቀብሪ ነው?» ብሎ ወጣ።

ሳህኑን አነሳሁ። እኔን ይድፋኝ። እውነቱን ነው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ቤት አልመጣም። ጓደኛው ጋ ነው። ሻንጣው እዚሁ አለ።

ጻፍኩት። በሁለት ገጽ። የመቀቀያው መቃጠል፣ ላምባው፣ ሲሪንጁ፣ የአንድ ሰዓቱ ጥድፊያ። ቢጫ በሽታ ያልኩትንም ጻፍኩ፤ የወጋሁት ከወፍ በሽታ አያድንም፣ የታመመ ሁሉ ቅጠል ሳይጠጣ ሐኪም ይየው ብዬ በትልቁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ስሞቹን። አበራና ከበደን ከነሞቱበት ቀን። ዘይቱናን። ደቻሳን።

ዘጠኝ ስም ጻፍኩ።

እንዲህ አትዪኝ፣ ደብተሬ። ዓይኑ ነጭ ነው። ራሴ በየቀኑ አይቼዋለሁ። እኔ ሐኪም ባልሆንም እህቱ ነኝ። ለሰባቱ እውነቱን ተናገርኩ፣ ለሞቱትም። አንዱን ብተው ማን ይሞታል? ምናልባት እሱ። ምናልባት አንዲት የቡልጋሪያ ሴት። ምናልባት ማንም። እዚህ ቢቀር ግን ምናልባት የለም።

ለእማማ ብርቄ ወጥ ይዤ ሄጄ ነበር። የልጃቸውን ፎቶ ሲወለውሉ ደረስኩ። ሳልቀመጥ ተመለስኩ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ጌ. ንጋት ላይ መጣ። ጺሙ አድጓል። ደህና አደርሽም አላለኝ፣ ቀጥ ብሎ በር ላይ ብርሃኑ ውስጥ ቆመና ዓይኑን ገለጠልኝ። አየሁት። ነጭ ነው ወይስ ያው የጧት ፀሐይ ነው? አላውቅም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ደብተሬ፣ አላውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነሳ። ቆሞ አነበበው፣ ሁለቱንም ገጽ። ስሞቹ ላይ ሲደርስ በጣቱ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«ዘጠኝ ነው እኮ» አለ። «እኔንስ ማን ወጋኝ?»

  ትናንት ሆስፒታል ሄጄ ዘይቱናን አየኋት አለ። ቦታሽን ለቅቀሽልኝ ነበር አላላትም። እሷም አላነሳችበትም። እንኳን ደስ አለህ፣ ሰኞ ትሄዳለህ አሉ አለችው።

ከዚያ ተቀመጠ። ሻይ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ሊ/መንበሩን በር ላይ እንዳገኘው፣ በሳቅ ሰላም እንዳለው ነገረኝ።  ሂድ አልኩት። ወረቀቱን እንዳለ እሰጣለሁ፣ አንተ ሂድ አልኩት። ለምኜዋለሁ። ራሱን ወዘወዘ። እሺ ይሁን እምቢ ይሁን አልጠየቅኩትም።

አዲስ ወረቀት አምጪ አለኝ።

ሌላ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ገለበጥኩት። አንደኛ፣ ሁለተኛ። ዶ/ሩ በ2 ሰዓት ይጠብቀኛል። ከዚያ በኋላ እኔን ሊወስድ ማን እንደሚመጣ አላውቅም። ጋቢዬንና ይህን ደብተር ለእማማ ብርቄ እተዋለሁ። ጌ. ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ትንፋሹ ጸጉሬ ላይ ነው። ሦስተኛ ላይ ደረስኩ። ጌታቸው ወልዴ ብዬ ወደ አራተኛው ልወርድ ስል እጄን ያዘው።

«የአያታችንንም ስም ጨምሪ» አለኝ፣ «ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጣ ጌታቸው ወልዴ ካለ፣ በእኔ ፈንታ እንዳያስቀሩት።»

ጨመርኩ።